የጠያቂው ሰላምታ

ወላሂ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። እንዲያውም ሰው አያምነኝም ብዬ ብዙ ቦታ ላይ ቀንሼለታለሁ። ከዋሸሁ የጦሳ ተራራ ከነጉሙ፣ ከነባሕር ዛፉ ተንዶ ላዬ ላይ ይውረድ።

ደሴ ውስጥ ሙሔ ይመርን የማያውቅ ሰው ካለ ደሴን አያውቃትም ማለት ነው። የቤት ደላላ ነኝ። ከአራዳ እስከ ገራዶ የቆመ ቤት ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእኔ አፍ ተሸጧል። አንዲት ክፍል ቤት ሳሳይ ገዢው ሳሎንና ጓዳ፣ ከፈለገም ሰገነት አይቶ ነው የሚወጣው። አንድ ጊዜ ጣሪያው የተገነጠለ ቤት “ብርሃን እንደልብ” ብዬ አሻሽጬ፣ ገዢው ዛሬ ድረስ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ይመርቀኛል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ድምፄ ምን ያህል ጉልበት እንደነበረው እንድታውቁልኝ ነው፤ ነገሩ ሁሉ የድምፅ ነገር ነውና።

ጠያቂው መጀመሪያ ሲቋቋም ስሙ እንደ ባቡር ረጅም ነበር፤ ብሔራዊ የጤና ጥሪና የአምቡላንስ ስምሪት አገልግሎት። ሕዝቡ አሳጠረውና “ጠያቂው” አለው፤ ታማሚ ቤት ብርቱካን አንጠልጥሎ እንደሚመጣው ጠያቂ ማለት ነው። ብርቱካን ግን አያመጣም። በየቤቱ ግድግዳ ላይ መዳፍ የምታክል ነጭ ሰሌዳ አለች፤ ማለዳ ከእሷ ውስጥ እያንዳንዱን ሰው በስሙ ይጠራና “እንዴት አደሩ?” ይላል። ለእኛ ለወሎዎች በእኛው አማርኛ ነው የሚያናግረን። የጎንደሩ ሌላ ነው፣ የሸዋው ሌላ ነው ይላሉ። የእኛው ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ሆጤ ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ በደንብ የተቀጣ የሰው ልጅ ይመስላል። መጨረሻ ላይ “አብሽሩ” ይላል፤ አይዟችሁ ማለቱ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እናቶች ድምፁን ሰምተው ሊድሩት ያስቡ ነበር።

ስለዚህ በእኛ ሰፈር ጠዋት ማለት ይህ ነው። ጉሙ ገና ከጣሪያ አልተነሳም። ከዚህ ቤት “አልሀምዱሊላህ”፣ ከዚያኛው “እግዚአብሔር ይመስገን”፣ ከማዶው “ደህና፣ ደህና” ይሰማል፤ ከላይ ሰፈር ጀምሮ እስከ ወንዙ ድረስ ተራ በተራ ይወርዳል። ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ነው የሚመልስ። ጉንፋን የያዘው ሰው ቀደም ብሎ ተነስቶ ለብ ያለ ውኃ ይጠጣል፤ ጠያቂው ሲጠራው አምሮበት እንዲመልስ። ሙሽሮች እንኳ በሠርጋቸው ማግስት በየተራ ይመልሳሉ። ጎረቤት ከግድግዳ ወዲህ ሆኖ ያዳምጣል፤ “የዛሬው አመላለሷ ደስ አይልም” ይባባላል። የማይመልስ ቤት ካለ ጠያቂው ስሙን ደጋግሞ ይጠራል፣ ድምፁ ግን አይለወጥም። ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ሥራውን ያቆማል።

ሕጉን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ሕፃናት ከፊደል በፊት እሱን ነው የሚማሩት። አምቡላንስ የሚመጣ ታማሚው በራሱ ድምፅ አሞኛል ሲል ነው። ድሮ ዘመድ ነበር የሚደውል፤ ዘመድ ደግሞ ጣት የተቆረጠውን ሰው “አለቀ፣ ድረሱልን” እያለ መኪናውን ሁሉ ጨረሰው። ስለዚህ የዘመድ ጩኸት ቀረ። ታማሚው መናገር ካቃተው ብቻ አጠገቡ ያለው ታላቅ ሰው ይመልስለታል። ከማለዳው ሰላምታ ሌላ ሰሌዳዋን ነክቶ በቀን አንዴ መጥራት ይቻላል፤ በዚያ ጥሪ ግን ከሁሉ በላይ መጀመሪያ የተባለው ቃል ይጸናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ልቅሶም ይሁን እርግማን አይመዘገብም፤ በዚያ ቤት ላይ ጥሪው እስከ ማግሥት ይዘጋል። ራስህን ይዘህ ሆስፒታል ብትሄድ በሩ አይከፈትልህም። በሩ የሚያውቀው በአምቡላንስ የመጣን ሰው ነው። በእግሩ የመጣ ደህና ነው።

ሌላም አለ። የድምፅ ክብደት የሚሉት ነገር። አጋነህ ተናግረህ ጠያቂው ከደረሰብህ ክብደትህን ይቀንሰዋል። ቀላል ድምፅ ያለው ሰው “አሞኛል” ሲል አይታመንም፤ “ደህና ነኝ” ሲል ግን ወዲያው ይታመናል። እኔ አንድ ጊዜ ጥርሴን አሞኝ መንጋጋዬ መሬት ላይ ወድቋል፣ በእጄ ይዤው ነው የማናግራችሁ ብያቸው ነበር። ሌላ ጊዜ ቁርጠት ይዞኝ “አንጀቴ ወጥቶ በር ላይ ተንጠልጥሏል” አልኩ። ከዚያ ወዲህ ድምፄ በወሎ ውስጥ የመጨረሻው ቀላል ድምፅ ነው። እኔን የሚወዳደር የለም። ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሠራተኞቹ በስሜ ይሳሳቃሉ ይባላል፤ ከዚህ በላይ ዝና ከየት ይመጣል።

ታላቅ እህቴ እትዬ ሩቅያ ደግሞ የእኔ ግልባጭ ናት። እኔ የምጨምረውን ሁሉ እሷ ትቀንሳለች፤ አንድ እናት ለሁለታችን አንድ ልክ ሰጥታን እኔ የእሷንም ድርሻ ወሰድኩባት መሰለኝ። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ዳዴ እላለሁ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በሕይወቷ “ደከመኝ” ስትል ሰምቻት አላውቅም። ልጇን ነጂባን የወለደች ዕለት ጠዋት ጎረቤት መጥቶ “እንዴት አደርሽ?” ሲላት “ደህና፣ ትንሽ ሥራ ነበረብኝ” አለች። ባሏ የሞተ ዕለት የሚያለቅሰውን ሰው ስታባብል ነው የዋለች። እንዲህ ያለ ሰው ከጠያቂው ጋር ምን ይውጠዋል?

ልቧ ነው የታመመው። ከክረምቱ ጀምሮ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ጫማ አልገባ ሲላት የባሏን ጫማ አደረገች፤ እሱም ሲጠባት ጨርቅ ጠመጠመች። ደረጃ ስትወጣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች፣ አናቱ ላይ ደርሳ ግድግዳውን ይዛ ቆማ “ከዚህ ላይ አየሩ ጥሩ ነው” ትላለች። መተኛት አቅቷት ቁጭ ብላ ታድራለች። ማለዳ ጠያቂው ሲጠራት ግን ሻሿን አስተካክላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልክ እንግዳ እንደመጣባት ፊቷን ወደ ሰሌዳዋ ታዞራለች። “አልሀምዱሊላህ፣ ደህና አደርኩ ልጄ።” ጠያቂው “አብሽሩ” ይላታል። ነጂባ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ ከንፈሯ መጥቆር ጀመረ። ሐሙስ ነው፣ ዝናብ ያካፋል፤ እኔ የሰኞ ገበያን ግማሽ የሚያክል ሽያጭ ጥዬ መጣሁ። እንደገባሁ ነገሩ ገባኝ። ያለን ጥሪ አንድ ብቻ ነው፣ ከተበላሸ አበቃ፤ ስለዚህ እትዬን አስቀድሜ ማለማመድ አለብኝ። እኔ ስንቱን ሻጭ አለማምጃለሁ። “ቤቱ ያፈሳል ወይ?” ሲባል “አያፈስም” ብሎ ፊቱን ሳይለውጥ እንዲመልስ አድርጌ። እህቴን እውነት ማናገር ግን ይህን ያህል ይከብዳል ብዬ አልጠበቅኩም።

“እትዬ፣ ‘አሞኛል’ በይ” አልኳት።

“ለማን?”

“ለጠያቂው ነዋ።”

“እሱ ምን ያድርግ ብለህ ነው የሰው ልጅ የምታስጨንቅ?”

“ሰው እኮ አይደለም።”

“ይሁን። እንዴት አረፈድሽ ብሎ በትሕትና የጠየቀኝን አሞኛል ብዬ ልቀበለው? ምን አደረገኝ?”

“እግርሽን እዪው።”

“እግር ያብጣል፣ ይጎድላል።” ትንፋሿን ሰበሰበች። “ያንተ ጨጓራስ እንዴት ሆነ?”

“የእኔን ጨጓራ ተይው።”

“አየህ፣ አንተም ትደብቃለህ።”

ነጂባ ከእግሯ ሥር ተንበርክካ እጇን ይዛታለች። ነርስነት ተምራለች፤ ነገር ግን ጠያቂው ከመጣ ወዲህ ነርስ የሚያዳምጠው ሰው የለም። “እማ፣ አፈር ስሆን” አለቻት። “‘መተንፈስ አቃተኝ’ በዪ። ሁለት ቃል ናት።”

“እየተነፈስኩ እንዴት መተንፈስ አቃተኝ እላለሁ? ውሸት አይደለም?”

“እሺ፣ ‘ይከብደኛል’ በዪ።”

“ማን የማይከብደው አለ?” አለችና ፈገግ አለች። ከንፈሯ ሐምራዊ ሆኗል። ደጋግመን ለመንናት። በአላህ፣ በነቢ፣ በእናታችን አፈር። በመጨረሻ “ቅር ቅር ይለኛል” የምትለዋን ቃል ተስማማች። ቀስ እያለች፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ደገመቻት። ቅር ቅር ይለኛል። ቅር ቅር ይለኛል። አምቡላንስ ለማስመጣት ይበቃ አይበቃ አላውቅም፤ ከእሷ አፍ ግን ከዚያ በላይ የሚወጣ አልነበረም። እኔ እንዲያውም ደስታዬ ልክ አጣ፤ የደሴን መናኸሪያ ያለ ወረቀት የሸጥኩ መሰለኝ።

ሰሌዳዋን ነካሁ።

“እንዴት አረፈዱ፣ ወይዘሮ ሩቅያ?” አለ ያ የሆጤ ልጅ።

እትዬ ቀና አለች። እጇን ከነጂባ እጅ አውጥታ ሻሿን ነካ ነካ አደረገች። እኔ አፌን በሁለት እጄ ይዤ “ቅር፣ ቅር” እላታለሁ በዓይኔ።

“አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ልጄ” አለች። “እናንተስ ደህና ናችሁ? እናትህስ?”

“አልሀምዱሊላህ። ደህና መሆንዎን ይዘናል። አብሽሩ።”

ሰሌዳዋ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ጠፋች። አለቀ። እትዬ ወደ እኔ ዞራ፣ ያጠፋች ልጅ ፊት ይዛ፣ “ረሳሁት” አለች። “ሰላም ሲለኝ ረሳሁት።” ከዚያ ትንፋሿ አጠረና ወደ ትራሱ ዘንበል አለች።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። እኔ ግን ሙሔ ይመር ነኝ። ሰሌዳዋን በጡጫ መታሁ፤ ጠያቂው የሚሰማኝ መስሎኝ የማላውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። አልመለሰም። ጎረቤት ሄጄ በእነሱ ሰሌዳ ሞከርኩ፤ “የእናንተን ቤት ጥሪ ነገ እንቀበላለን” አለኝ። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ጠያቂው የሚፈልገው የእሷን ድምፅ ነው። የእሷን ድምፅ ደግሞ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? ከልጅነቴ ጀምሮ እሷን ሳስቃት የኖርኩት ራሷን እየመሰልኩ ነው።

የጠያቂው ማማ ያለው ጦሳ አናት ላይ ነው። ለሠራተኞች መፈተኛ የምትሆን ሰሌዳ ከማማው ሥር አለች። ከቤት ወጣሁ። ዝናቡ ይወርዳል፣ እኔ እወጣለሁ። ከእኔ ኋላ ፍየል እንኳ ልትከተለኝ አልቻለችም። በአንድ ትንፋሽ ነው የወጣሁት ብል አታምኑኝም፤ ስለዚህ በሁለት ትንፋሽ ልበል። ደመናው ውስጥ ገባሁ፤ ከተማዋ ከሥሬ ጠፋች፤ ማማው ብቻ ጫፉ የማይታይ ሆኖ ቆሟል። አጥሩን ዘለልኩ። ጠባቂው ውሻ የጥጃ መጠን ነበር፤ ዓይኔን አይቶ መንገድ ለቀቀልኝ።

ሰሌዳዋን ነካሁና ድምፄን ቀጭን፣ ዝግ ያለ፣ ትንፋሽ ያጠረው አደረግሁ። “ሩቅያ ይመር ነኝ” አልኩ። “እንዴት አረፈዱ?” አለኝ። “አልሀምዱሊላህ” አላልኩም። “አሞኛል” አልኩ። አንዴ ስጀምር ማቆም አቃተኝ። እሷ በሕይወቷ ያላለችውን ሁሉ በእሷ ድምፅ ተናገርኩላት። እግሬን አሞኛል፣ ደረቴን አሞኛል አልኩ። ነጂባን ስወልድ አሞኝ ነበር። ባሌ የሞተ ዕለት ሰው ሳባብል ሆዴ ውስጥ አሞኝ ነበር። ያን ወንድሜን ሙሔን ሳሳድግ እኔ በልቻለሁ እያልኩ ርቦኝ ነበር። ልጅ ነበርኩ፣ እኔንም የሚያሳድገኝ ሰው እፈልግ ነበር፤ ማንም እንዴት ነሽ ብሎ መልሴን የጠበቀ የለም። ዝናቡ በፊቴ ላይ ይወርዳል፤ ጠያቂው ዝም ብሎ ያዳምጣል። በአገልግሎቱ ታሪክ እንዲህ ከባድ ድምፅ ተመዝኖ አያውቅም ይባላል።

“በመንገድ ላይ ነን” አለኝ። “አብሽሩ።”

ስወርድ ሰማዩ በአምቡላንስ ተሸፍኖ ነበር። አንድ አልኩ? አንድ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም። ነጫጭ፣ ሾፌር የሌላቸው፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልዲያ ሳይቀር የመጡ፤ ጉሙን እየቀደዱ በሰፈራችን ጣሪያ ላይ አረፉ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ አየ። እትዬን በነጭ አንሶላ ጠቅልለው አነሷት። ስትወጣ እጇን አውለበለበችልኝ። የሆስፒታሉ በር ገና ከሩቅ ሲያያት ወለል ብሎ ተከፈተ። አሁን ሁለት ትራስ ደግፏት ተቀምጣለች፤ ሾርባዋን እየጠጣች፣ ነርሶቹን እናታችሁ እንዴት ናቸው እያለች ታስቸግራለች። እግሯ ቀንሷል። የገዛ ጫማዋ ገብቶላታል።

ይህን ነገር በመናኸሪያ ተናግሬዋለሁ፣ በመስጊድ ደጅ ተናግሬዋለሁ፣ ፀጉር ቤት ተናግሬዋለሁ፤ በተናገርኩት ቁጥር ሰው ይሰበሰባል። ባለፈው ሰሞን ከነጂባ ጋር ጉዳይ ኖሮን የጠያቂው ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ሄድን። የተራ መጠበቂያው አዳራሽ እንደ ሁልጊዜው ሞልቷል። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ቤቱ ውስጥ አንድ ደህና የተባለ ታማሚ አለው። ሰዎቹ አይነጋገሩም፤ ወለሉን ያያሉ። እንዲህ ያለ ጸጥታ እኔን ይጨንቀኛል፤ ስለዚህ አጠገቤ ላሉት ሽማግሌ ጀመርኩላቸው። ሽማግሌው ዞሩ። ከፊት ያሉትም ወንበራቸውን አዞሩ። ማማው ጋ ስደርስ አዳራሹ በሙሉ ከእኔ ጋር ጦሳ ላይ ነበር። አምቡላንሶቹ ሲመጡ አንድ ሰውዬ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ።

ስጨርስ አንዲት ሴት ተነስታ መጣች። ደብሪቱ ትባላለች፤ ከኩታበር ነው የመጣችው። ጫማዋ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም። እኔ አጠገብ ቁጭ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“ጋሼ፣ ያሉትን ቃል ቃል በቃል ይድገሙልኝ።”

“ማን ታሞብሽ ነው?”

“ባሌ። ደም ያስታውከዋል። ጠያቂው ሲጠራው ግን አፉን በመዳፉ ጠርጎ ‘ተመስገን’ ይላል። ሰባኪ አስመጥቼ አስመከርኩት። ‘ቤት ውስጥ ያለውን ለመንግሥት አይናገሩም’ ይለኛል። ማታ ድረስ መቆየቱን አላውቅም፤ ዛሬ ጠዋት ሲመልስ ድምፁ ተለውጧል።”

“ድምፁ ወፍራም ነው ቀጭን?”

“ወፍራም ነው። ጎርናና።”

“እሱ ይቀላል” አልኳት። “ከደረትሽ አውጪው። ‘አሞኛል’ ብለሽ ጀምሪ። ከዚያ ሳታቋርጪ የሕይወቱን ሁሉ ጨምሪበት። በልጅነቱ ፈረስ ረግጦት ከሆነ እሱም ሳይቀር።”

ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች። “አሞኛል” አለች በጎርናና ድምፅ። አዳራሹ ውስጥ የሳቀ የለም። “አሞኛል። ደም ያስታውከኛል።” ዓይኗን ከፈተችና “ይመስላል?” አለችኝ።

“ከራሱ ይበልጣል” አልኳት። “ዛሬውኑ ወደ ማማው ውጪ።”

“ውሻውስ?”

“ዓይንሽን ያይና ይለቅልሻል።”

ነጠላዋን ታጥቃ ተነሳች። ያን ጊዜ ነው እስከዚያ ድረስ አጠገቤ ዝም ብላ የተቀመጠችው ነጂባ የሴትየዋን ክንድ የያዘችው። ድምፅዋን አላነሳችም። ከእናቷ የወረሰችው ድምፅ ነው፤ ለመስማት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል።

“እህቴ፣ ተቀመጪ” አለቻት። “ማማው ጋ አትሂጂ። እዚያ ሰሌዳ የለም።”

ደብሪቱ እኔን አየች፣ እሷን አየች።

“አጎቴ እናቴን ይወዳት ነበር” አለች ነጂባ። “ጦሳ አልወጣም። ቤት ነው የዋለ። አምቡላንስም አልመጣም።”

“ታዲያ እናትሽ…”

“እማ አጎቴ ሲመጣ ጭራሽ መናገር አቅቷት ነበር። ያለማመዳት ሰው የለም፤ የማትለማመድ ሆና ነበር። ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ዓይኗ ብቻ ነበር የሚያየን። አጎቴ ገና ከበር እንደገባ ሮጦ ሰሌዳውን ነካው። ‘እንዴት አረፈዳችሁ?’ አለ ጠያቂው። ጠበቅን። እማ ዝም አለች። ‘አጠገቧ ያሉ ታላቅ ይመልሱ’ አለ። ‘እንዴት አረፈዱ?’ አለው አጎቴን። አጎቴ ‘አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነን’ አለ።”

ደብሪቱ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

“አስቦ አይደለም” አለች ነጂባ፤ ይህን ስትል እጄን ያዘችኝ። “አፉ ላይ መጣ። የማንም አፍ ላይ ይመጣል፤ የእኔም አፍ ላይ ነበረች። ወዲያው ብዙ ነገር ተናገረ፤ እየጮኸ፣ ግድግዳውን እየመታ፣ ያሳደገችኝ ናት እያለ። መብራቷ ግን ጠፍታለች። ከዚያ ጎረቤት ተጠርቶ በቃሬዛ ተሸክመን ሆስፒታሉ በር ድረስ ወሰድናት። በሩ ደህና ናት አለን። ዝናብ ነበር። ነጠላ ይዘንላት ቆምን። እዚያው ነው ያረፈችው። ዛሬ የመጣነው ስሟን ለማሰረዝ ነው። ዛሬ ጠዋትም ጠርቷታል።”

ደብሪቱ ነጠላዋን ፈታች፤ መልሳ ታጠቀችው። “ታዲያ እኔ ምን ልበል?” አለች። የጠየቀችው እኔን ነበር። አፌን ከፈትኩ።

ነጂባ ቀደመችኝ።

“ባልሽ መናገር ያቃተው ለት” አለቻት፣ “ጠያቂው አንቺን እንዴት ነሽ ሲልሽ ምላስሽን ንከሺና መጀመሪያ ‘አሞታል’ በይ። ሽማግሌ ቢመስልሽ፣ የእናትሽ ልጅ ቢመስልሽ፣ ሰላምታውን አትመልሺ።”